ምዕራፍ አምስት፦ ጥቁር ድንጋይ፣ ነጭ ኖራ

የአክሱም ሐውልት ከአንድ ወጥ ድንጋይ ተጠርቦ ቆመ። የላሊበላ ቤተ መቅደስ ከአለት ተፈልፍሎ ወጣ። ጎንደር ላይ ፋሲል ግንብ ፊት የቆመ ሰው የሚያየው ድንጋይ ግን እምብዛም መጥረቢያ አልነካውም። ከበርና ከመስኮት ቅስቶች በቀር ግድግዳው በሙሉ ትልቅና ትንሹ የተደባለቀ፣ ጎኑ ያልተስተካከለ፣ ገበሬ ከማሳው ለቅሞ ዳር የሚከምረውን የመሰለ ጥቁር ድንጋይ ነው። ይኸው ድንጋይ ነው ፎቅ በፎቅ ተደራርቦ፣ በአራቱ ማዕዘን አራት ክብ ማማ አውጥቶ፣ ከፍተኛው ጫፉ 32 ሜትር ያህል ደርሶ አራት መቶ ዓመት ሊሞላው የተቃረበው።

እንዲህ ያለውን ድንጋይ ያቆመው በድንጋይና በድንጋይ መካከል የገባው ኖራ ነው። ስለ ጎንደር የተጻፈው አብዛኛው የነገሥታቱ ታሪክ ነው፤ ማን ነገሠ፣ ማን ማንን ገደለ፣ የትኛው ንጉሥ የትኛውን ቤት አሠራ። ያ ታሪክ ተገቢ ነው፤ እዚህም ይነሣል። እኔ ግንቡ ወዳለበት ወደ ፋሲል ግቢ ይዤው የገባሁት ጥያቄ ግን ሌላ ነበር። ኖራው ከየት መጣ? ማን አቃጠለው? ማን አቦካው? አንድ ቀን ብቻ ያለው፣ ያውም ብቻውን የመጣ ሰው ይህን ጥያቄ ይዞ ቢዞር ግቢው የሚያሳየው ብዙ ነገር አለው።

ብቻን ለጉብኝት መውጣት በአገራችን ገና አልተለመደም። ወደ ጎንደር የሚመጣው ሰው ከቤተሰቡ፣ ከማኅበሩ፣ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ነው፤ ካልሆነም ለጥምቀት ከሚጎርፈው ሕዝብ ጋር። ብቻውን የመጣውን የሆቴል አስተናጋጅ "ሌሎቹ እየመጡ ነው?" ብላ ትጠይቀዋለች፤ "ብቻዬን ነኝ" ሲላት ታዝንለታለች። ለእንዲህ ዓይነቱ ቦታ ግን ብቻ መሆን ይጠቅማል። ቡድን የሚንቀሳቀሰው በአስጎብኚው ድምፅ ነው፤ አስጎብኚው ደግሞ የሚቆመው የሚነገር ታሪክ ባለበት ነው። ብቻውን ያለ ሰው አንድ ስንጥቅ ፊት ግማሽ ሰዓት ቢቆም የሚቸኩልበት የለም።

እንዲህ ስል አስጎብኚ አይያዝ ማለቴ አይደለም። በቅርብ ዓመታት አካባቢውን ያናወጠው የጸጥታ ችግር ጎብኚውን አሳንሶ የብዙ አስጎብኚዎችን ኑሮ ጎድቷል፤ ከተማዋን ደግሞ ከእነርሱ የተሻለ የሚያውቃት የለም። እኔ አንዱን ዙር ከአስጎብኚ ጋር ዞርኩ፤ ሁለተኛውን ዙር ለብቻዬ አደረግሁት። በር ላይ የተቀበለኝ ወጣት በቀጥታ ወደ ግንቡ ልሄድ ስል ክንዴን ያዝ አደረገኝና "ጋሼ፣ መጀመሪያ ዙሪያውን እንይ፤ ቤቶቹ የትም አይሄዱም" አለ። ልክ ነበር።

የግቢው አጥር 900 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ውስጡ ሰባት ሄክታር ያህል ነው። በአጥሩ ላይ አሥራ ሁለት በሮች ይቆጠራሉ፤ የእያንዳንዳቸው ስም የቤተ መንግሥቱን ሥራ ይናገራል። ፊት በር ወደ ጃን ተከል፣ ወደ ትልቁ ዋርካና ወደ አደባባዩ ያወጣል። በወንበር በር ዳኞች ይገቡ ነበር። በእምቢልታ በር እምቢልታ ነፊዎቹ፣ በባልደራስ በር የፈረሰኛው አለቃ፣ በራስ በር ራስ የተባለው ባለ ማዕረግ። ተዝካሮ በር የተዝካር ነው። አደናግር በር የፈታዮቹ ነው፤ ጥጥ ፈትለው የቤተ መንግሥቱን ልብስ የሚያለብሱት ሴቶች የራሳቸው በር ነበራቸው። ኳሊ በር የእቴጌዋ ደንገጡሮች መግቢያ ነው። እልፍኝ በር፣ እርግብ በር፣ አዛዥ ጥቁሬ በር፣ ግምጃ ቤት ማርያም በር። ወጣቱ ሁሉንም ሳይሳሳት ቆጠረልኝ። ዳኛው፣ ሙዚቀኛው፣ ፈታይዋ፣ ደንገጡሯ ሁሉ በስማቸው የሚጠራ በር አላቸው። የግንበኛ በር የሚባል ግን የለም።

ግንቡን ያሠራው አፄ ፋሲል ራሱ ቋሚ ከተማ በወረሰ አባት ቤት አላደገም። ከእርሱ በፊት ለብዙ ዘመን የነገሥታቱ ከተማ በአብዛኛው ድንኳን ነበር፤ ንጉሡ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሠራዊቱ፣ ካህኑ፣ ነጋዴው፣ ገበያው አብሮት ይነሣል፤ አካባቢው ማገዶና ቀለብ ሲያልቅበት ወደ ሌላ ይሄዳል። አባቱ አፄ ሱስንዮስ በኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ተሰብኮ ካቶሊክ ሆነ፤ ሕዝቡንም ወደዚያው ሊመልስ ሲሞክር አገሩ በእርስ በርስ ጦርነት ታመሰ። በ1624 ዓ.ም. ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲል ለቀቀ። ፋሲል የአባቶቹን ሃይማኖት መለሰ፣ ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጣ፣ በ1628 ዓ.ም. ገደማም ጎንደርን መናገሻው አደረገ።

ኢየሱሳውያኑን ያስወጣው ይህ ንጉሥ ከእነርሱ ዘመን የቀረውን አንድ ዕውቀት ይዞ ቀረ። ኖራን። በሱስንዮስ ዘመን በአገሩ የነበሩት ሚስዮናውያን እንደጻፉት፣ ለኖራ የሚሆነውን ድንጋይ ለይቶ ያሳየው ከህንድ የመጣ ባለሙያ ነው። ሱስንዮስ በደንቀዝ ቤተ መንግሥት ሲያሠራም አብደል ከሪም የተባለ ህንዳዊ ግንበኛ ከአንድ ግብፃዊ ባልደረባው ጋር እንደ ሠራ የራሱ ዜና መዋዕል ይጠቅሳል። እ.ኤ.አ. በ1648 ከየመን ኢማም ተልኮ ወደ ፋሲል የመጣው ሐሰን አል ሃይሚም በድንጋይና በኖራ የተሠራውን ቤተ መንግሥት አይቶ ተደንቋል፤ ሠሪውም ህንዳዊ ባለሙያ መሆኑን ጽፏል። ስለዚህ "ፋሲል ግንብን ፖርቱጋሎች ሠሩት" የሚለውን፣ ዛሬም በየአፉ የሚሰማውን አባባል ይዞ ከግቢው መውጣት ተገቢ አይደለም። ግንቡ ሲሠራ ኢየሱሳውያኑ ተባረዋል፤ የአሠራሩ ዘር ከህንድ ውቅያኖስ ማዶ፣ ከቀይ ባሕር ዳርና ከአገሬው ግንበኛ እጅ የተገናኘ ነው። እንፍራዝ አጠገብ ያለው፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በነገሠው በሠርፀ ድንግል ስም የሚጠራው የጉዛራ ግንብ ነገሩን ከዚያም ቀደም ያደርገዋል፤ የታሪክ ሰዎች ግን በዕድሜው አይስማሙም።

ኖራ ምን እንደሚያደርግ ለማየት ወደ ትልቁ ግንብ ተጠግቶ በዓይን ደረጃ ያለውን መጋጠሚያ ማየት ይበቃል። የኖራ ድንጋይ ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ እሳት ሲቃጠል በውስጡ የታመቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣለታል። በቀረው ላይ ውኃ ሲፈስበት ይፍለቀለቃል፣ ይግላል፣ እንፋሎት ይተፋል፤ ሲበርድ ነጭና ልዝብ ሆኖ ይቀመጣል። ከአሸዋ ጋር ተቦክቶ በድንጋይ መካከል ሲገባ ደግሞ ያጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየሩ መልሶ እየሳበ ወደ ቀድሞ ድንጋይነቱ ይመለሳል። በግድግዳው ፊት ላይ ያለው ቶሎ ይጠነክራል። በወፍራሙ ግድግዳ ልብ ውስጥ ያለው ግን አየሩ እስኪደርሰው ዓመታት ይፈጅበታል።

ከዚያ በፊት በአገሩ የነበረው ዋናው ማያያዣ ጭቃ ነበር። በጭቃ የተካበ ግድግዳ ለአንድ ፎቅ፣ በእንጨት ማገር ከታሰረ ለሁለትም ይበቃል፤ ዝናብ በገባበት ቁጥር ግን ጭቃው ይታጠባል። ኖራ ቅስትን ይፈቅዳል። ግንበኛው የእንጨት ቅርጽ ያቆማል፣ ድንጋዩን በላዩ በኖራ ይደረድራል፣ ኖራው ሲይዝ እንጨቱን ያወጣል፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ድንጋይ ጎረቤቱን እየተጫነ እርስ በርሱ ይያያዛል። የማማዎቹ ሞላላ ጉልላት የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ድንጋዩ ያልተጠረበበት ምክንያትም እዚህ ላይ ይገባል። የጎንደር ጥቁር ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጠንካራ ድንጋይ ነው፤ እያንዳንዱን መጥረብ ዘመን ይፈጃል። ኖራ የድንጋዩን ጉብታና ጎድጓዳ ስለሚሞላ መጥረቡን አስቀረው። የነገሥታቱ ከተማ ከድንኳን ወደ ግንብ የተሻገረው በዚህ ቁጥብ ዘዴ ነው።

ቁጥብ ያልሁት የግንበኛውን መጥረቢያ ነው እንጂ የሰውን ጉልበት አይደለም። ኖራ ለማቃጠል ብዙ ማገዶ ይቆረጣል፤ ማገዶው፣ ድንጋዩ፣ ውኃው፣ አሸዋው ሁሉ በእንስሳና በሰው ትከሻ ይመጣል። ከምድር ቤቱ አዳራሽ ቆሜ ወደ ላይ ሳንጋጥጥ የመጣብኝ ይህ ነበር። አስጎብኚዎች እዚህ ስለ ግብሩ ይናገራሉ፤ ስንት ሰው እንደሚበላበት፣ ንጉሡ የት እንደሚቀመጥ። እኔ ግን የግድግዳውን ውፍረት በክንዴ እየለካሁ በውስጡ የገባውን ውኃ ብቻ አሰብሁ፤ እያንዳንዱ እንስራ ከወንዝ ተቀድቶ ዳገት የወጣ ነው።

ወደ ላይኛው ፎቅ የሚያወጣው ደረጃ ጠባብ ነው። ከሰገነቱ ከተማዋ በሙሉ ከነተራሮቿ ትታያለች፤ ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን በደቡብ በኩል ጣና ይታያል። የመናገሻው ቦታ ለምን እንደተመረጠ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ቦታ የለም። ከባሕር ወለል 2100 ሜትር በላይ የሆነው አቀማመጥ ከቆላው ወባ ያድናል፤ በሁለት ወንዞች፣ በአንገረብና በቀሃ መካከል በመሆኑ ውኃ አለው፤ ከምጽዋና ከሱዳን የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ይደርስበታል።

ሁለተኛውን ዙር ብቻዬን ስዞር ግቢው ሌላ መልክ ያዘ። ከነገሥታቱ ብዙዎቹ በአባታቸው ቤት አልኖሩም፤ የራሳቸውን ሠሩ። የፋሲል ልጅ ቀዳማዊ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍቱንና የጽሕፈት ቤቱን አሠራ፤ ከአባቱ ግንብ ጋር ሲነጻጸሩ ትንንሽና ጭምት ናቸው። የዮሐንስ ልጅ ታላቁ ኢያሱ ግን ከአያቱም የበለጠ ሊሠራ ተነሣ። ከላይ ኮርቻ የሚመስለው ግንቡ በወርቅ ቅብ፣ በዝሆን ጥርስና በመስታወት ያጌጠ እንደነበር ይተረካል። እ.ኤ.አ. በ1699 ከካይሮ በሰናር አድርጎ ኢያሱን ሊያክም የመጣው ፈረንሳዊ ሐኪም ሻርል ፖንሴ የጎንደርን ቤተ መንግሥት ሞገስ ጽፎ አልፏል።

ዛሬ ያ ግንብ ጣሪያ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳው። ቀጥሎ በ1934 ዓ.ም. ጣሊያኖች ጎንደርን የመጨረሻ ምሽጋቸው አድርገው ሲከላከሉ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች በጣሉት ቦምብ ተመታ። መሬት ላይ ቆሞ ወደ ባዶው ሰማይ ማየት ያሳዝናል። ለጥናት ግን ከግቢው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ፍራሽ ነው፤ የተዘጋ ቤት ውስጡን አያሳይም፤ ይህ ግን እንደ ተቆረጠ ይታያል። በእንጨት ወለል የተሸፈነው ፎቅ ሁሉ ወርዷል፤ ግድግዳው ላይ የአግዳሚ እንጨቶቹ ጉድጓድ ተሰልፎ ቀርቷል። በቅስት የተሸፈነው ደግሞ በብዙ ቦታ አለ። በእሳት፣ በምስጥና በቦምብ የጠፋው እንጨት ነው፤ ኖራ የያዘው ድንጋይ ግማሽ ጎኑን አጥቶም ቆሟል።

በዚህ ግድግዳ ላይ ሌላም ነገር ይታያል። አንዳንድ ቦታ መጋጠሚያው ነጭ ሳይሆን ግራጫ፣ ለስላሳ ሳይሆን ድርቅ ያለ ነው። ሲሚንቶ ነው። ጣሊያኖች ከ1928 ዓ.ም. ጀምሮ ጎንደርን በያዙ ጊዜ ግንቦቹን ለጽሕፈት ቤት ተጠቅመውባቸዋል፤ ሲያድሱም በሲሚንቶና በብረት ኮንክሪት አደሱ። በጊዜው ዘመናዊ መፍትሔ መስሏቸው ይሆናል። ኖራ ግን ውኃን ያስገባል፣ መልሶም ያስወጣል፤ የጎንደር ክረምት ግድግዳውን ያርሳል፣ በጋው ያደርቀዋል። ሲሚንቶ መውጫውን ይዘጋዋል። ውኃው ከኋላው ይታመቅና ኖራውን ያፈርሳል፣ ከአሮጌው ድንጋይም ያለያየዋል። ሲሚንቶ ግትር ስለሆነ ግንቡ ትንሽ ሲንቀሳቀስ አብሮት አይንቀሳቀስም፤ ይሰነጠቃል። ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበበት ዘመን አካባቢ ጀምሮ በተደረገው እድሳት የባለሙያዎቹ አንዱ ድካም ይህን ሲሚንቶ እየነቀሉ በኖራ መተካት ነበር። በቅርብ ዓመታትም ግቢው ሰፊ እድሳት ተደርጎለታል።

አጥሩ ሥር ጥላ ይዘው የተቀመጡ አንድ አዛውንት አገኘሁና ሰላምታ ሰጥቼ አጠገባቸው ተቀመጥሁ። በእድሳት ሥራ የቀን ሠራተኛ ሆነው ኖራ ያቦኩ እንደነበር ነገሩኝ። "ጥሩ ኖራ በምን ይታወቃል አባቴ?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"በመቆየቱ ነዋ። ጉድጓድ ውስጥ ውኃ ለብሶ ይተኛል። ሳይበርድ የቸኮልህበት እንደሆነ ግድግዳው ላይ ሄዶ ይፈነዳል፤ ልስኑን ይተፋዋል። አሁን ያለው ልጅ ሲሚንቶ ለምዷል፤ ዛሬ አቡክቶ ነገ ሊቆምበት ይፈልጋል።"

"እርስዎ ከማን ተማሩ?"

"ሲሠራ አይቼ። ማን ያስተምረኛል ልጄ? ከኔ በፊት የነበሩት ባለሙያዎች ሄደዋል።" ወዴት እንደሄዱ በኋላ እመለስበታለሁ።

በግቢው ያለው የአፄ ዳዊት አዳራሽ የመዝናኛና የዘፈን ቤት ነበር ይባላል። ዳዊት ከጥቂት ዓመታት ንግሥና በኋላ ሞተ፤ ተመርዞ ነው የሚለው ወሬ እስከ ዛሬ ይነገራል። ከእርሱ ቀጥሎ የነገሠው በካፋ ረጅሙን የግብር አዳራሽና ጋጣውን አሠራ። ለብቸኛ ተጓዥ ከነገሥታቱ ሁሉ የሚቀርበው በካፋ ነው። ማንነቱን ደብቆ፣ ልብሱን ለውጦ በአገሩ ይዞር ነበር ይላል ትውፊቱ። አንድ ጊዜ በቋራ ታመመና የማያውቁት ሰዎች ቤት አስገብተው አስታመሙት፤ ያስታመመችው ልጅ በኋላ እቴጌ ምንትዋብ ሆነች። ታሪኩን በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም መዝግቦታል፤ እርሱ ሲመጣ ምንትዋብ በሕይወት ነበሩ። ነገሩ በዝርዝሩ እውነት ይሁን አይሁን፣ ጎንደሮች ደጋግመው የሚነግሩት ታሪክ ብቻውን የመጣን መንገደኛ ማንነቱን ሳይጠይቁ ስለተቀበለ ቤት መሆኑ ስለ አገሩ ልማድ የሚለው አለ።

ምሳ ሰዓት ፒያሳ ወጣሁ። ፒያሳ የጣሊያን ዘመን ሥራ ነው፤ ክብ ማዕዘን ያላቸው ሕንፃዎች፣ ፖስታ ቤቱ፣ ሲኒማው፣ ሁሉም በሲሚንቶ። ዓርብ ስለነበር ሽሮ አዘዝሁ። ከጎኔ ያሉት ሦስት ሰዎች ትሪያቸው ሲቀርብ "ኑ እንብላ" አሉ፤ "ብሉ፣ መጣልኝ" ብላቸው አንደኛው "ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል" ብሎ ወንበር ሳበልኝ። የእኔም ሽሮ በእነርሱ ትሪ ላይ ፈሰሰ። አንዱ የባንክ ሠራተኛ ነበር፤ ግቢውን ልጅ ሳለ በትምህርት ቤት ጉብኝት ከገባ በኋላ ዳግም እንዳልገባ ነገረኝ። ከከተማው ሰው ብዙው እንዲህ ነው፤ ግንቡ በየቀኑ ከመንገድ ይታያቸዋል።

ከሰዓት በኋላ በባጃጅ ወደ ፋሲል መዋኛ ወረድሁ። ከግቢው ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ለጥምቀት ውኃው ከቀሃ ወንዝ በቦይ ይገባና ገንዳውን ይሞላዋል፤ በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ገብቷል። በሌላው ቀን ገንዳው ባዶ ነው። ባዶ ሆኖ ማየቱ ይመረጣል። ወለሉና ግድግዳው ሲገለጥ ግንበኛው የገጠመው ችግር ይታያል፤ ቤት ዝናብን ወደ ውጭ ይመልሳል፣ ገንዳ ግን ውኃን ውስጡ መያዝ አለበት። አጥሩን የወረሩት ትልልቅ ዛፎች ሥሮቻቸውን በድንጋዩ መካከል ሰድደው ጨብጠውታል። ሥሩ ኖራውን ሰንጥቆ ገባ፤ ዛሬ ግን ብዙ ቦታ ላይ ድንጋዩን ይዞ ያቆመው እርሱ ስለሆነ ዛፉ ቢቆረጥ አጥሩ ይወድቃል። የቅርስ ጠባቂዎች ከዚህ ጋር ተስማምተው መኖር ግድ ሆኖባቸዋል።

ቁስቋምን በአጭሩ አየሁት። ምንትዋብ ከከተማው ወጣ ብለው በተራራው ግርጌ ያሠሩት ግቢ ነው፤ ቀይ ለስላሳ ድንጋይ ተፈልጦ የተሠራው መስቀል በግድግዳው ላይ አሁንም አለ። ያ ድንጋይ ለመጥረብ የተመቸ ስለሆነ ከፋሲል ግንብ በኋላ በመቶ ዓመት ውስጥ የግንበኛው ምርጫ እንደሰፋ ያሳያል። ደብረ ብርሃን ሥላሴና በመላእክት ፊት ያጌጠው ጣሪያው ራሱን የቻለ ቀን ስለሚገባው አልሄድሁበትም።

የቀረኝን ጊዜ ለወለቃ ሰጠሁት። ወለቃ ከጎንደር በስተ ሰሜን፣ በደባርቅ መንገድ ላይ ያለች መንደር ናት። የመንገዱ ዳር በሸክላ ሥራ ተሞልቷል። የኢትዮጵያ አይሁድ የሆኑት ቤተ እስራኤል የኖሩባት መንደር ናት፤ የአዛውንቱ "ባለሙያዎቹ ሄደዋል" የሚለው ቃል ትርጉምም እዚህ ነው። በጎንደር ዘመን ቤተ እስራኤል በግንበኝነት፣ በአናጢነት፣ በቀጥቃጭነትና በሸማኔነት ግንቦቹን ሲሠሩ ኖረዋል። የታሪክ ተመራማሪዎች እንደሚገልጹት ከእነርሱ መካከል ለሥራቸው መሬትና ማዕረግ የተቀበሉም ነበሩ። ይሁን እንጂ በቀዳማዊ ዮሐንስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1668 የተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤል ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ። የሙስሊሙ ሠፈር አዲስ ዓለም፣ የቤተ እስራኤሉ ካይላ ሜዳ ሆነ። ግንቡን የሚያንጸው ሰው ሲመሽ ወደተከለለት ሠፈር ይመለስ ነበር። ባለ እጅን "ቡዳ" እያለ የሚፈራውና የሚያንቋሽሸው ልማድም አብሮ ጸንቶ ቆየ። አገሩ ትልቁን ክብሩን የሠሩለትን እጆች የከፈላቸው በዚህ ነው፤ ይህን ሳይናገሩ የጎንደርን ውበት ማድነቅ ለእኔ ጎዶሎ ነው።

ከጎንደር ውድቀት በኋላ ግንበኛ የሚቀጥር ንጉሥ ጠፋ። በዘመነ መሳፍንት ንጉሡ በግቢው የስም ንጉሥ ሆኖ ቀረ፤ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ከተማዋን ዘረፈ፣ አቃጠለ፤ በ1880 ዓ.ም. ከሱዳን የመጡት ደርቡሾች ገቡ። ከግንበኞቹ ዘር የብዙዎቹ እጅ ወደ ሸክላና ወደ ማረሻ ዞረ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በሱዳን በኩል፣ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1991 በአውሮፕላን ከአዲስ አበባ፣ አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄዱ። ወለቃ ላይ ዛሬ በዳዊት ኮከብ አጊጦ የሚሸጠው ሸክላ በአብዛኛው የተቀሩት ጎረቤቶቻቸው እጅ ሥራ ነው።

የጎንደር ግንቦች በነገሥታቱ ስም ይጠራሉ። ከግንበኞቹ ግን በጽሑፍ የተረፈው ስም ጥቂት ነው፤ ከእነዚያ አንዱ የሆነው አብደል ከሪምም የተጠቀሰው ለደንቀዙ ሥራ ነው። የጎንደር አድባራት የያዟቸው የመሬት ሰነዶች አሉ፤ ባለ እጆች መሬት በያዙበት ቦታ ስማቸውን ፈልጎ ማውጣት የሚቻል ሥራ ነው። ሌላው ምንጭ የሰው ቃል ነው። የኖራ ጉድጓድ እንዴት እንደሚቆፈር፣ የቅስት እንጨት እንዴት እንደሚቆም፣ ባለሙያው ለእያንዳንዱ ነገር ምን ብሎ እንደሚጠራ ከአባቶቻቸው የሰሙ ሰዎች ካሉ አዛውንት ናቸው፤ ዕድሜያቸውም እየገፋ ነው። አብዛኞቹ ያሉት ደግሞ ከጎንደር ሩቅ ነው። ቃላቸውን ለመቅዳት የሚነሣ የጎንደር ተማሪ ካለ አማርኛው ይበቃዋል፤ መጀመር ያለበት ግን እስራኤል ሄዶ ነው።